የዱባይ ተራዋ እናት መልስ ሲሳሳቱ

ባለፈው ሳምንት ስለ ጨውና ስለ ደም ግፊት አውግተን፣ በዚህ ሳምንት ስለ ጉልበት ሕመም እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ጉልበት ትንሽ ይቆየን። በመሀል ዱባይ ተራ ያጋጠመኝ ነገር አላስችል ስላለኝ እሱን ላስቀድም። ባለታሪኳም ልጃቸውም ለሌላ ቤተሰብ ይጠቅም ከሆነ ይጻፍ ብለው ፈቅደውልኛል። ስማቸውንና የሱቁን ቁጥር ግን ለራሴ አስቀርቻለሁ።

ሁለት መቶ ሃምሳ ብር

ልጄ ቤት ስለቀየረች አንሶላና ፔርሙዝ ልገዛላት መርካቶ ወረድኩ። ዱባይ ተራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ተሸካሚው ከኋላ «ዞር በሉ!» ይላል፣ ባለሱቁ ከፊት «እናት፣ ምን ፈለግሽ?» ይላል፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለው ብርድ ልብስ፣ ጫማና ሽቶ መተላለፊያ አሳጥቶ ሰው በጎኑ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የምገባው አንዲት ጠባብ ሱቅ ነው። ባለቤቷ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በሁለት ዓመት ይበልጡኛል። የተማሩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ቢሆንም በዚያ ሁሉ ዓመት ካልኩሌተር ሲነኩ አይቻቸው አላውቅም። ሦስት ደንበኛ በአንድ ጊዜ እያስተናገዱ፣ ዋጋ እየተከራከሩ፣ የሁሉንም ሒሳብ በቃል ይዘው መልስ ሳይሳሳቱ የሚሸኙ ሴት ናቸው።

የዚያን ዕለት ሁለት አንሶላ በሁለት ሺህ አራት መቶ፣ አንድ ፔርሙዝ በአንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ተስማማን። አራት ሺህ ብር ሰጠሁ። መልሴ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ነው። እሳቸው ግን ስድስት ባለ ሁለት መቶ እና አንድ ባለ ሃምሳ ቆጥረው እጄ ላይ አስቀመጡ። አንድ ሺህ ብር ትርፍ ማለት ነው።

«እትዬ፣ በዝቷል፤ እስኪ ይቁጠሩት» አልኳቸው። ተቀብለው እንደገና ቆጠሩና ያንኑ ስድስት ባለ ሁለት መቶ መልሰው ሰጡኝ። «አንቺ ሲስተር፣ ዛሬ ምን ነካሽ? እኔን ሒሳብ ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን ፈራ። ትርፉን ገንዘብ መሳቢያው ውስጥ ከትቼ ልወጣ ስል ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። በር ላይ ካርቶን የሚፈታውን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራተኛቸውን በአገጫቸው እያሳዩ፣ «ይሄ ልጅ እየሰረቀኝ ነው። ማታ ማታ ሒሳቡ ይጎድላል። ለልጄ ነግሬዋለሁ፤ ሰኞ ለፖሊስ ይሰጠዋል» አሉኝ።

ከእናቴ ቤት የወጣችው ልጅ

ለምን ሆዴ እንደፈራ ልንገራችሁ። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት አገልግያለሁ። ሌላውን ስመክር ኖሬ በገዛ ቤቴ የሠራሁት ስህተት ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በ2001 ዓ.ም. እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነበር። የወርቅ ቀለበቷ ጠፋ። «የሠራተኛዋ ሥራ ነው» አለች። ልጅቱ ሦስት ዓመት አብራን የኖረች፣ እናቴን ገላዋን የምታጥብ፣ እግሯን የምታሽ ነበረች። አለቀሰች፣ ማለች። እኔ ግን እናቴን አመንኩ። እናቴ በሕይወቷ ሙሉ በሰው ላይ በሐሰት ተናግራ አታውቅማ! ልጅቱ ልብሷን በፌስታል ይዛ፣ የወሩን ደመወዝ እንኳ በቅጡ ሳትቀበል ወጣች። ከአምስት ወር በኋላ ቀለበቱ ከሽሮ ዕቃው ውስጥ ተገኘ። እዚያ ያስቀመጠችው እናቴ ራሷ ነበረች። ልጅቱን አፈላለግኩ፤ አላገኘኋትም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖራ፣ በመጨረሻው ዓመት የኔንም ስም ረሳች። የመርሳት በሽታ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም ሰው «እርጅና ነው፣ ጃጅታ ነው» አልኩ። ነርስ ሆኜ!

ስለዚህ ዱባይ ተራ የሰማሁትን ሰምቼ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ መሄድ አልቻልኩም። ልጃቸው ከጎን ያለውን ሱቅ ነው የሚሠራው። ጠራሁትና አንድ ነገር ብቻ ነገርኩት። «እናትህ አሁን አንድ ሺህ ብር ትርፍ መልስ ሰጥተውኝ ነበር። ቆጥረው ደግመው ሰጡኝ። ማታ የሚጎድለው ገንዘብ በዚህ መንገድ እየወጣ ቢሆንስ?»

ፊቱ ተለዋወጠ። ቆየት ብሎ፣ «ሲስተር፣ እኔም ሳላስተውል ቀርቼ አይደለም» አለኝ። ለካ ከስምንት ወር ወዲህ ዕቃ ያዘዙበትን ሰው ደግመው ያዛሉ፣ የዘጉትን ሱቅ ሊዘጉ ይመለሳሉ፣ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ሱቃቸው ሲመጡ አንድ ቀን መንገድ ጠፍቷቸው ጎረቤት ነው ያመጣቸው። አንድ ክሊኒክ ወስዷቸው፣ «እርጅና ነው» ተብለው የእንቅልፍ ኪኒን ታዞላቸው ተመልሰዋል።

ሰኞ ፖሊስ ጋ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር ቃል አስገባሁት። ከዚያ ስልኩን አወጣና፣ «ግን ይሄንን አይተውታል? አልዛይመርን ከደም የሚለይ ምርመራ ተገኘ ይላል። ዕቃ የማመጣበት አገር ካለ ይዣት እሄዳለሁ፤ ገንዘብ አልሰስትም» አለኝ። የዛሬው ጨዋታችን ዋና ጉዳይ እዚህ ላይ ይጀምራል።

በደም ውስጥ የሚታየው ምልክት ምንድን ነው?

የጀርመኑ ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በኅዳር 1901 ፍራንክፈርት ውስጥ አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ተቀበለ። በሽታዋ መጀመሪያ የታየው በመርሳት ሳይሆን በባሏ ላይ መቅናት በመጀመሯ ነበር። ከዚያ ዕቃ ከቦታ ቦታ እያመላለሰች መደበቅ፣ ሰው ሊጎዳኝ ነው ብሎ መፍራት መጣ። የእናቴን ቀለበት አስታውሱ! ሴትዮዋ በ1906 ስትሞት አልዛይመር አንጎሏን በአጉሊ መነጽር አየና ሁለት ነገር አገኘ፤ ከነርቭ ሕዋሳት ውጭ የተጠራቀመ ጉድፍ እና በሕዋሳቱ ውስጥ የተጠላለፈ ክር። ዛሬ ጉድፉ አሚሎይድ ከሚባል ፕሮቲን፣ ክሩ ደግሞ ታው ከሚባል ፕሮቲን እንደሚሠራ ይታወቃል።

ችግሩ፣ ይህን ማየት የሚቻለው ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ መሆኑ ነበር። ስኳርን በደም፣ ግፊትን በመሣሪያ እንለካለን። የአንጎልን በሽታ ግን በሕይወት ባለ ሰው ላይ የምንለካበት ነገር አልነበረንም። እንዲህ ያለ ሊለካ የሚችል የበሽታ ጠቋሚ በሕክምናው ቋንቋ «ባዮማርከር» ይባላል። ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ አሚሎይድን በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ የሚያሳይ ፔት የሚባል የምስል ምርመራ መጣ። ከወገብ በመርፌ በሚቀዳ የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽም መለካት ተቻለ። የመጀመሪያው እጅግ ውድ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚፈራው ነው።

አሁን የተሻለው መንገድ ከክንድ በሚቀዳ ደም ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ለመጀመሪያ ጊዜ ለአልዛይመር የሚረዳ የደም ምርመራ ፈቀደ። ምርመራው ታው 217 የሚባለውን የታው ዓይነትና አሚሎይድን በደም ውስጥ ለክቶ ያነጻጽራል። በ499 ሰዎች ላይ ሲፈተሽ፣ ፖዘቲቭ ከሆኑት ውስጥ ከመቶ 91.7ቱ በፔት ወይም በወገብ ፈሳሽ ምርመራም አሚሎይድ ተገኝቶባቸዋል። ነጌቲቭ ከሆኑት ደግሞ ከመቶ 97.3ቱ በእርግጥም የለባቸውም። ከመቶ ሃያ ለማይሞሉት መልሱ «አይታወቅም» ሆኗል።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ አላናንቀውም። ልጁ ያየው ቪዲዮ ግን ሦስት ነገር አልነገረውም።

አንደኛ፣ ምርመራው የተፈቀደው ዕድሜያቸው 55ና ከዚያ በላይ ለሆኑና የመርሳት ምልክት ለታየባቸው ሰዎች ነው። ያውም ሐኪም ከሌላው ምርመራ ጋር አያይዞ እንዲያነበው እንጂ ብቻውን ፍርድ እንዲሰጥ አይደለም። ጤነኛ ሰው «እስኪ ልየው» ብሎ የሚመረመረው አይደለም። አሚሎይድ ምልክት ከመታየቱ ከአሥራ አምስትና ሃያ ዓመት በፊት መጠራቀም ሊጀምር ይችላል። ተጠራቅሞባቸው ሳይታመሙ የሚሞቱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ አንድ ጥናት 678 የካቶሊክ መነኮሳትን እስከ ሞት ተከታትሎ ከሞቱ በኋላ አንጎላቸውን መርምሯል። በ101 ዓመታቸው የሞቱ አንዲት እናት አንጎላቸው በአልዛይመር ጉድፍና ክር የተሞላ ሆኖ ሳለ፣ በሕይወት ሳሉ የማስታወስ ፈተናውን በደንብ ያልፉ ነበር። ስለዚህ ጠቋሚው ጠቋሚ ነው፤ ሰውየው ራሱ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የደሙን ቁጥር ሌላ ነገርም ያዛባዋል። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች አልዛይመር ሳይኖርባቸው የታው ቁጥራቸው ከፍ ሊል ይችላል። ስኳርና ግፊት በበዛበት አገር ኩላሊቱ የደከመ ሰው ስንት ነው?

ሦስተኛ፣ እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው የተሠሩት በአውሮፓና በአሜሪካ ነጮች ላይ ነው። አንጎል አንጎል ነው ብለን ማለፍ አንችልም። የናይጄሪያዋን ኢባዳን ከአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ጋር ያነጻጸረ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። በኢንዲያናፖሊስ ጥቁር አሜሪካውያን አረጋውያን ላይ በዓመት ከመቶ 2.52 አዲስ የአልዛይመር ሕመም ሲገኝ፣ በኢባዳን ግን 1.15 ብቻ ነበር። በነጮች ዘንድ ለአልዛይመር ዋነኛ አጋላጭ የሆነው ዘረመል በኢባዳን ሰዎች ላይ ያን ያህል ጉልበት አልነበረውም። የኑሮ፣ የምግብ፣ የበሽታና የዘር ልዩነት ውጤት ይለውጣል ማለት ነው። የኛ ሰው ካልተጠና፣ የኛን ሰው ቁጥር በሌላ ሰው ሚዛን እየመዘንን እንቀጥላለን።

እኛስ ዘንድ?

በአገራችን የአንጎልና የነርቭ በሽታን ቤት ለቤት መቁጠር የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ፕሮፌሰር ሬድዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ያካተተ ጥናት አድርገዋል። የሚጥል በሽታ ከአንድ ሺህ ሰው በአምስቱ ላይ እንደሚገኝ ያወቅነው ከዚያ ነው። የነርቭ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት ውጭ አገር ሄዶ መማር ግድ ነበር።

የቡታጅራው ጥናት ሲሠራ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ሃምሳ አይሞላም ነበር፤ አሁን ከስልሳ አምስት አልፏል። ብዙዎቻችን አንጎል እስኪያረጅ መኖር ጀምረናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰው ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖራል ብሏል፤ ከመቶ ስልሳ የሚበልጡት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ታዲያ ደሙን የሚለካው መሣሪያ በሌለበት ምን ይደረጋል? የኢባዳኑ ጥናት የተጠቀመበት መመዘኛ ትልቅ ትምህርት አለው። መመዘኛው ላልተማረ ሰውም እንዲሆን ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ታማሚውን መጠየቅ፣ ሌላው አብሮ የሚኖረውን ሰው መጠየቅ። «ከድሮው ምን ተለወጠ? ይሠሩት የነበረውን አሁን ይሠራሉ?» ይላል። የቤተሰብ ምስክርነት ራሱ የምርመራው ግማሽ ነው።

ለዚህ ነው ስለ ሂሳቡ ደጋግሜ የማወራው። እኔ መልስ ብሳሳት ማንም አይገረምም፤ ድሮም ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ። አርባ ዓመት ሳይሳሳቱ መልስ የሰጡ ነጋዴ ሲሳሳቱ ግን ትልቅ ነገር ነው። ወጥ የምታውቅ እናት ጨው ሁለት ጊዜ ስትጨምር፣ ዳዊት በቃሉ የሚደግም አባት መሀል ላይ ሲጠፋበት፣ ዕድሩን ሃያ ዓመት የጻፈ ሰው ገንዘቡን መመዝገብ ሲያቅተው፣ ያኔ ልብ በሉ። ሰውን ከጎረቤቱ ጋር አታወዳድሩት፤ ከራሱ ከትናንቱ ጋር አወዳድሩት።

በፌስታል የመጡት መድኃኒቶች

ልጁን፣ «ከመሄድህ በፊት እናትህ የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ጠቅልለህ አምጣልኝ» አልኩት። በማግሥቱ አመጣ። ሜትፎርሚን ለስኳር፣ አሥራ አንድ ዓመት የተወሰደ። ኦሜፕራዞል ለጨጓራ፣ ማንም ሳያቆመው አራት ዓመት የቀጠለ። በቅርቡ ደግሞ ዲያዚፓም ለእንቅልፍ።

ነርስ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት አላዝም፣ አላቆምም። ግን የማውቀውን ነገርኩት። ሜትፎርሚንም ኦሜፕራዞልም ለረዥም ዓመት ሲወሰዱ በአንዳንድ ሰው ላይ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን ይቀንሳሉ። ቢ12 ሲጎድል ደም ያንሳል፣ እግር ይደነዝዛል፣ ማስታወስ ይደክማል፣ ጠባይ ይለወጣል። ዲያዚፓም ደግሞ አረጋዊን ያደናግራል፣ ይጥላል፤ በራስ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ማቆምም አደገኛ ነው። ይህን ይዘው የነርቭ ሐኪም ጋ ሄዱ።

ሐኪሙ የጠየቃቸው ምርመራዎች ስማቸው ቪዲዮ ላይ አይወጣም። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የደም ማነስ፣ ኩላሊት፣ የታይሮይድ ዕጢ፣ ቢ12፣ ኤች አይ ቪና ቂጥኝ። ጭንቅላታቸው ላይ ወድቀው ደም ፈሶ እንደሆነ ለማየት ሲቲ ስካን። እነዚህም የአንጎል ጠቋሚዎች ናቸው። ልዩነታቸው፣ የሚያገኙት ነገር ብዙውን ጊዜ ሊታከም የሚችል መሆኑ ነው።

ውጤቱ መጣ። ታይሮይዱ ደህና ነው። ሲቲው ላይ የቆየ ግፊት ያደረሳቸው ጥቃቅን ጉዳቶች ታዩ። ግፊታቸው ከፍ ያለ ነው፤ ታክመው አያውቁም። ቢ12ቱ በጣም ዝቅ ያለ ነው። በመርፌ ቢ12 ተጀመረ፣ የግፊት መድኃኒት ተጀመረ፣ ዲያዚፓሙ በሐኪሙ ትእዛዝ ቀስ በቀስ ተቀነሰ። ጆሯቸውም ተመረመረ፤ ኩክ ሞልቶታል። በዱባይ ተራ ጩኸት ውስጥ ደንበኛ የሚለውን ግማሹን አይሰሙም ነበር።

«አልዛይመርስ አለባት?» ብሎ ልጁ ሐኪሙን ጠየቀ። «ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ የሚታከመውን እናክም፤ የቀረውን በየሦስት ወሩ እናያለን» አሉት። ልጁ እውነት ለመናገር በዚህ መልስ አልረካም። አንድ ቁጥር፣ አንድ ወረቀት ፈልጎ ነበር። እኔም ብሆን እፈልግ ነበር። ግን አስቡት፤ ደሙ ተልኮ ፖዘቲቭ ቢባል ኖሮ፣ ግፊቱንና ቢ12ቱን ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?

በሽታው ቢረጋገጥስ መድኃኒት አለው ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ሌካኔማብ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። በሽታው ገና ሲጀምር ለተወሰኑ ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል። 1,795 ሰዎች በተሳተፉበት የ18 ወር ሙከራ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ ቀንሷል። አያድንም፤ ያዘገያል። አንጎል ሊያሳብጥና ሊያደማ ስለሚችል ተደጋጋሚ ኤምአርአይ ይፈልጋል። ተስፋው እውነት ነው፤ ገና የብዙው ሰው አይደለም።

በእጃችን ያለው ግን ትንሽ አይደለም። ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳለው፣ በሕይወት ዘመን 14 ነገሮችን መቆጣጠር ቢቻል በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ ከመቶ 45ቱን ያህል መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ውፍረት፣ ሲጋራ፣ የበዛ መጠጥ፣ አለመንቀሳቀስ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ ድብርት፣ ብቸኝነት፣ የአየር ብክለት፣ በልጅነት አለመማር። ከነዚህ ስንቱ ዶላር ይጠይቃል?

ለቤተሰብ አጭር ማስታወሻ

1. «እርጅና ነው» የሚል መልስ አትቀበሉ። ስም መርሳትና ቆይቶ ማስታወስ የዕድሜ ነው። የለመዱት መንገድ መጥፋት፣ ያንኑ ጥያቄ በሰዓት ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ፣ የለመዱትን ሥራ መሳት ምርመራ ይፈልጋል።

2. ለውጡን ጻፉ። መቼ ጀመረ? ምን ማድረግ ተሳናቸው? ሐኪም ጋ ስትሄዱ ይህ ወረቀት እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ይቆጠራል።

3. መድኃኒቱን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ የተገዛውንና የባህል መድኃኒቱንም ጭምር።

4. በአንድና በሁለት ቀን ድንገት የመጣ መቃዠት የመርሳት በሽታ አይደለም። የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ፣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱ።

5. ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይቀምሱ፣ ወይም ለረዥም ጊዜ የሚጾሙ አረጋውያን፣ በተለይ ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ፣ ስለ ቢ12 ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

6. አረጋዊ «ተሰረቅሁ» ሲል አትቆጡት፣ አትከራከሩት፤ አብራችሁ ፈልጉ። ማንንም ከመክሰሳችሁ በፊት ግን የሽሮ ዕቃውን፣ የፍራሹን ሥርና የገንዘብ መሳቢያውን እዩ።

ከሦስት ወር በኋላ

ባለፈው ቅዳሜ ሱቃቸው ጎራ አልኩ። ሠራተኛው ልጅ እዚያው አለ። ልጃቸው አዲስ ሥርዓት አውጥቷል፤ እናትየው ዋጋ ይናገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ መልሱን ግን ልጁ አብሯቸው ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ከሱቁ ማውጣት አልፈለገም። «ቤት ብትውል በወር ውስጥ ትጠፋብኛለች» አለኝ። ልክ ነው። አርባ ዓመት ያወቋት ሰዎች ያሉት እዚያ ነው።

አንድ ፎጣ ገዛሁ። አራት መቶ ሃምሳ ብር። አምስት መቶ ሰጠሁ። እትዬ የሠራተኛውን ልጅ ቆጠራ ሳይጠብቁ አንድ ባለ ሃምሳ መዘው ሰጡኝ። «ዛሬስ አልተሳሳትኩም አይደል ሲስተር?» አሉኝ። አልተሳሳቱም። «ልጅሽ ቤት ቀየረች ወይ?» አሉኝ ቀጥለው። መቀየሯን ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው፣ መረቁ። ቡና አስመጥተው እየጠጣን ሳለ ደግሞ፣ «ልጅሽ ቤት ቀየረች ወይ?» አሉኝ። መቀየሯን ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፣ መረቁ።

ከተሻለው ገሚሱ የቢ12ቱ፣ የእንቅልፍ ኪኒኑ መቀነስና የጆሮው መጠረግ ይሆናል። ያልተሻለው ምን እንደሆነ ጊዜ ያሳየናል። «እርጅና ብቻህን ና» ይላሉ አባቶቻችን፤ ብቻውን መጥቶ አያውቅም። ከሱ ጋር ተደርቦ የመጣውን አንድ በአንድ ማውለቅ ግን ይቻላል።

ስወጣ ያ ልጅ ካርቶን እየፈታ ነበር። እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣ «እናት፣ ደህና ዋዪ» አለኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሊሄድ የነበረ መሆኑን እስከ ዛሬ አያውቅም። እኔ ግን የእናቴን ቤት ልጅ አስታወስኩ። ይህን ዓምድ የምታነብ ከሆነ፣ ቀለበቱ ተገኝቷል። ይቅር በይኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቃሌን ጠብቄ በጉልበት ሕመም እመለሳለሁ። እስከዚያው የእናት አባቶቻችሁን ግፊት አስለኩ፣ መድኃኒታቸውንም በፌስታል ሰብስባችሁ እዩ። ቸር ያሰንብተን።